በፍስክ ቀን የጾም ማዕድ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወንድሜ ገዳሙ፣

እንደምን ከርመሃል? እማስ? ጉልበቷ ብርዱን ቻለው? የጥቅምቱ ደብዳቤህ ደጀን ከተማ ወለላ ሱቅ ብዙ ከርሞ ነው የደረሰኝ። ጨው ላይ አስቀምጣው ይሆናል፤ ጠርዙ ረጥቧል። ግን መልሴ የዘገየው በእሷ አይደለም። አንብቤ አጥፌው፣ ደግሞ አንብቤው፣ ልጽፍ ጀምሬ ትቼው ነው። ይቅር በለኝ።

የጠየቅኸኝ ቀላል ነገር ነበር። የአባባ ሙት ዓመት በቃና ዘገሊላ ዕለት ይውላል፤ ለተዝካሩ ምን እንረድ፣ አልህ። ታላቅ ስለሆንኩ ቃሉ ከእኔ እንዲወጣ ፈለግህ።

ምንም አንረድ።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

አርባውን አስታውስ። የካቲት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሽሮ፣ ክክ፣ ስልጆ፣ ተልባ ቀረበ። ካህናቱም ሕዝቡም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። አባባ ተዋረደ ያለ ሰው ሰማህ? ያው ሰው፣ ያው ዳስ፣ ያው ወጥ፣ ጥር ላይ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

እዚህ ስለ አፈር አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪው ሁሉ ይገባዋል። ለወንድሜ ስጽፈው እጄ ይተሳሰራል። ብቻ መስኩን እየው። የሚሰማራው ሁሉ አራሽ አይደለም፤ ታላቢም አይደለም። ለተዝካር የሚቆም አለ፤ ለሰርግ የሚቆም፣ ለፋሲካ ቅርጫ የሚቆም። ለአንድ ቀን ድግስ ዓመት ሁለት ዓመት ሣር ይግጣል፣ መሬት ይረግጣል። የተረገጠ መሬት ውኃ አያሰርግም። ውኃው ይንደረደራል፣ ቦረቦሩ ይሰፋል። ባለፈው ክረምት የአባባን ማሳ ጫፍ የበላው ይኸው ነው። አንድ ሰንጋ እስኪደልብ የሚጨርሰው መሬት ባቄላና ምስር ቢበቅልበት ስንት ቤት ያጠግባል?

አባባ ይህ ገብቶት ነበር። መስኩ ይረፍ ብሎ ጊደሮቹን ሸጦ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ብቻ ያስቀረ እሱ ነው። እሱን ለማክበር ከሁለቱ አንዱን፣ ቦራን፣ ልናርድ?

የቦረቦሩን ዳር የሚይዝ ሣር አለ፤ ስሙን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

ትመጫለሽ ወይ ላልኸው በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

ዓይናዲስ


ዲማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለሜ ዓይናዲስ፣

እኛ አለን፣ ተመስገን። እማ ጉልበቷን ቅቤ እየቀባች ፀሐይ ትሞቃለች። የነቢያት ጾም የገባው ለአፌ ነው፣ ለጉልበቴ አይደለም ትላለች።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ “በቃና ዕለት?” አለች። “ጌታ ሰርግ ቤት በታደመበት ቀን ሽሮ?” ከዚያ ፊቷን ወደ ፀሐይ መለሰች።

ጎረቤታችን ደርቤም ሰማ። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የከብት ግሳት አየሩን ያሞቃል ብለሽ ባለፈው የነገርሽኝንም ጨመርኩለት። ጠላው እስኪደፋ ሳቀ።

“ባቄላ የበላ ሰው ሰማዩን ምን እንደሚያደርገው እህትህ አልለካችም?” አለኝ። “በሁዳዴ መጥታ እኛ ቤት አንድ ቀን ትደር።”

እኔም ሳቅሁ። የከፋኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ቦረቦሩ ዳር ሄጄ ያንቺን ቃል ብቻዬን ልናገረው ሞከርኩ። አንቺ ስትጽፊው እውነት ነው። እኔ ስናገረው ስስት ይመስላል።

እዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፣ እታለሜ። በጾም፣ ጾም ነው፤ ማንም ማንንም አያይም። በፍስክ ቀን ሥጋ ያላቀረበ ሰው ግን ወይ የለውም፣ ወይ አልተፈቀደለትም። ሦስተኛ ምክንያት ሰው አያውቅም።

ቦራ ትናንት አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ ዋለ። አፉን ወደ ነዶው ሲሰድ አልመታሁትም። ማታ እሺ፣ አይታረድም ብዬ ወሰንኩ። እማም እሺ ብላለች፤ አምናበት ይሁን ደክሟት አላውቅም።

ግን ምክንያቱን ለሕዝቡ ማን ይናገር? አንቺ ከመጣሽ አንቺ ነሽ። መቼ ትመጫለሽ? ባለፈው አልመለስሽልኝም።

ከዚህ ጋር ባጠፍኳት ትንሽ ወረቀት ላይ የጠየቅሁሽን ለእማ አላነበብኩላትም። ለብቻዬ መልሽልኝ።

ወንድምሽ ገዳሙ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ገዳሙ፣

በትንሿ ወረቀት የጠየቅኸኝን አስቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ ሥጋ እበላለሁ። ሲቀርብልኝ እበላለሁ። ባለፈው መስቀል ባለቤቴ ቅርጫ ገብቶ ነበር፤ በላሁ። ሚሊኒየሙን ብሎ ከተማው ሁሉ ሲያርድ የከረመበት ሰሞን ነበር። ስበላ አላፈርኩም። ያፈርኩት አንተ ስትጠይቀኝ ነው።

ሥጋ እርም ይሁን አላልኩም። ለነፍሳችን የዓመቱን እኩሌታ እንጾማለን፤ ለመሬቱ ደግሞ ጥቂት ቀን ብንጨምር ነው ያልኩት። ይህን ስጽፈው ያምርብኛል። ካማረብኝ ደግሞ እጠራጠረዋለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ የተናገርኩት እኔ በመሆኔ ውሸት አይሆንም።

መምጣት አልችልም። ፈተና ነው፣ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፣ እባክህ።

ስለዚህ አንተ ተናገር። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ካደረሱ በኋላ፣ ማዕዱ ሳይቀርብ፣ ተነሥ። ይህን ብቻ በል፦ “አባታችን መስኩ እንዳያልቅ ብሎ ከብቱን ቀነሰ። እኛም በስሙ ከብት አላረድንም። የቀረበው ከማሳው የወጣ ነው፤ ብሉለት።”

አትጨምርበት። ስለ ግሳት እንዳታነሣ።

እማን ሳምልኝ።

ዓይናዲስ


ዲማ፣ ጥር 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ተዝካሩ አለፈ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ጠላው በረከተ፣ እንጀራው አላነሰም፣ ስልጆው ለብቻው ተመሰገነ።

አልተናገርኩም።

ወረቀትሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተነሣሁ። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። ከዳሱ ጥግ ደርቤን አየሁት፤ ገና አፌን ሳልከፍት ጺሙን ይደባብስ ጀመር። ሳቁን ሲይዝ እንደዚያ ያደርጋል። “በሉ እንግዲህ፣ ብሉ፣ ጠጡ” ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰዉ በላ። ግን ወሬ የለም። መጀመሪያ ሥጋው ኋላ የሚመጣ መስሏቸው ይጠብቁ ነበር። እንደማይመጣ ሲያውቁ እርስ በርስ ተያዩና አጎንብሰው በሉ። አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ “አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ቸር ነው፣ ይፈታዋል” አሉኝ።

ከምን እንደሚፈታው አልጠየቅኳቸውም። እማ አጠገቤ ነበረች።

ገዳሙ


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ገዳሙ፣

ሁለተኛውን፣ የጥር ሃያ አራቱን ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

በትክክል እንደገባኝ ልጻፈው። ሰዉ የሚለው ይህ ነው። አባታችን ቢተው ሳይፈጽመው የሞተ ንስሐ ነበረበት። የነፍስ አባቱ ጾም አዘውበት ነበር። ልጆቹ ያንን ጾም በተዝካሩ ከፈሉለት፤ ሥጋ ያልቀረበው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ጾም የሚታዘዘው ደግሞ ለቀላል ነገር አይደለም። ይኸው ነው?

አንድ ትንፋሽ የማይጨርስ ቃል ነበር። ተነሥተህ ነበር። ቆመህ ነበር።

አይ፣ አንተን አይደለም። አንተንም ነው። ደርቤንም፣ ጺሙንም። ራሴንም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው አፍ ውስጥ የማይገባ ነገር የምጽፈውን።

የዓመቱን እኩሌታ ያለ ሥጋ የሚኖር ሕዝብ፣ አንድ ቀን ሲጨመርበት፣ ምክንያቱ ኃጢአት ብቻ ይመስለዋል። ይህን ለማን ላስረዳ? ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ግጦሽ ሳስተምር ቆየሁና መሐል ላይ አቆምኩ። ተማሪዎቹ የረሳሁ መሰላቸው።

አባ ወልደ ሰንበት ጋ ሂድ። የአባባ የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። “ንስሐ አላዘዝኩበትም” ይበሉ። በሳቸው አንድ ቃል ያልቃል።

እማ ምን አለች? ስለ እሷ ምንም አልጻፍህም። ያልጻፍኸው ነው የሚያስፈራኝ።

ዓይናዲስ


ዲማ፣ የካቲት 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ለሰላምታው ይቅርታ፣ ወደ ነገሩ ልግባ።

አባ ወልደ ሰንበት ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጥዱ ሥር አገኘኋቸው። እያነቡ ነበር። ጨርሼ እስክነግራቸው ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “አባትህ የነገረኝን ብናገር ክህነቴን ጣልኩ። ምንም አላዘዝኩበትም ብል ደግሞ፣ ነገ ስለ ሌላው ዝም ያልኩ ቀን፣ ያንን ሰው አሳጣሁት። ስለዚህ ስለ ማንም፣ ምንም።”

“አባ፣ እማ እየተጎዳች ነው።”

“አውቃለሁ። እጸልይላታለሁ።”

እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ስወጣ በር ላይ የቆሙት፣ “አባ ምን አሉህ?” አሉኝ። ዝም አሉ፣ አልኩ። ያ በቃቸው።

ስለ እማ ጠይቀሽኛል። እማ ኃጢአቱን እየፈለገች ነው። ምስር ስትለቅም ድንገት ቀና ትልና፣ “ከደርቤ አባት ጋር የተጣላበት የወሰን ድንጋይ ይሆን?” ትለኛለች። በሌላ ቀን ደግሞ፣ “ደጀን ሲወርድ ለምን ወለላ ቤት ያርፍ ነበር?” ወለላ! ስኳር እየመዘነች ያረጀችው፣ ደብዳቤያችንን የምትቀበል ሴትዮ። ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረችውን ሰው አሁን እንደ አዲስ ትመረምረዋለች። በወለላ በኩል ደብዳቤ እንዳይላክ ብላለች። ከእንግዲህ ለሚኒባሱ ሾፌር ለአንሙት ስጪው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ መጾም ጀምራለች። ለሱ ነው፣ የቀረበትን እየጨረሰችለት ነው። በዚያ ጉልበት ትሰግዳለች።

ሽማግሎች የቀረው መንገድ አንድ ነው ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ፣ ለግንቦት ሚካኤል፣ ዳግመኛ ደግሰን ሰንጋ ብንጥል ሐሜቱ ይወድቃል። ንስሐ ያለበት ሰው በስሙ አይታረድለትምና። ያለን ቦራ ነው። ያላንቺ ቃል አላርደውም።

አንቺ ግን ያኔ ብትመጪ ኖሮ ትናገሪ ነበር። ይህን ሳልጽፈው ልተወው ነበር።

ገዳሙ


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ፈተና አልነበረም። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው መኪና ላይ እንዳትወጪ ብሎኛል። የኛን መንገድ ስነግረው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከዚህ በፊት አንዱ አልቆየልኝም። ያንንም አልነገርኳችሁም። ብናገር የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ አፈር የማስተምር ሰው እንዲህ ያስባል። ለእማ አትንገራት፣ እስኪደርስ።

ይቅር በለኝ። አሁን ስለ ቦራ።

አይታረድም። ሰኔ ሲገባ በምን ታርሳለህ? ደግሞ ይህንን አስብ። ሐሜት ለመጣል ሰንጋ ከጣልን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ባለ ተዝካር ሊሞክረው አይደፍርም። የቢተው ልጆች ሞክረው ምን እንደ ሆኑ አይተናል ይላል። ሁሉም ለአባቱ ስም ጠባቂ ከብት ያቆማል፤ መስኩም የዚያን ሁሉ ስም ተሸክሞ ይሄዳል። አንድ ድግስ ብቻ አይደለም የምንሸነፈው።

ለእማ ይህን አንብብላት፦ “እማ፣ አባባ ንስሐ የለበትም። ሥጋ አይቅረብ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ መስኩ ነው። ሌላ ምንም የለም።”

ቀስ ብለህ አንብብላት። ሁለቴ።

ዓይናዲስ


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ገዳሙ፣

ሴት ናት። ሚያዝያ አሥር ተወለደች። ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ደህና ናት።

አትንገራት ያልኩህን ነግረህ እማን ስለላክህልኝ አልቆጣህም። በፋሲካ ማግስት ደረሰች። አንሙት ከፊት ወንበር አስቀምጦ እንቁላል ጭምር ሳይሰበር አመጣት።

ደብዳቤዬን እንዳነበብህላት ነገረችኝ። “ለአባትሽ ብለሽ በራስሽ ላይ ስለወሰድሽ ይባርክሽ” አለችኝ። ገባህ? የዋሸሁለት መስሏታል።

ገንፎ አገነፋችልኝ። መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤውን አፈሰሰችልኝ። አብረሽኝ ብዪ አልኳት።

“የአባትሽን ልጨርስለት።”

“እማ፣ በዓለ ኀምሳ ነው። ቄስ እንኳ አሁን አይጾምም።”

ከመቀነቷ ደረቅ ቂጣ ፈታች። ሁለት እጇን አየሁት። ከስቷል።

ልጅቱን ታቅፋ ሳለች ስለ መስኩ ነገርኳት። ከሣሩ ጀምሬ፣ ከኮቴው፣ ከውኃው፣ ለድግስ ከሚቆመው ከብት፣ ከባቄላው። ለማንም እንደዚያ አስረድቼ አላውቅም። ሰሌዳ የለም፣ የቢሮ ቃል የለም። ሁሉንም ሰማችኝ።

“የመስኩስ እውነትሽን ነው ልጄ፣” አለች። “ግን እሱ ምን አድርጎ ነው?”

እረደው።

ዓይናዲስ


ዲማ፣ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለሜ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅቱ አባባን ትመስላለች ብላ እማ ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። አሁን አባባን መምሰል ደግ ነገር ሆኗል።

ታረደ። እንዴት እንደ ነበር አልጽፍልሽም። ገመዱን የያዝኩት እኔ አይደለሁም።

ዳሱ እንደ ጥር ወሩ ነው፣ ሰዉም ያው ነው። ግን ይጫወታል፣ ይሟገታል፣ ቅልጥም ይሻማል። ያ ትከሻዬን የያዙኝ ሽማግሌ ከሁሉ አስረዝመው መረቁ። ደርቤ ሥጋ ሲያከፋፍል ዋለና ማታ እጁን እየጠረገ፣ “በቃ፣ አሁን ሰውየው አረፈ” አለኝ። ጺሙን አልነካም። ከልቡ ነበር።

እማ በላች። ትንሽ ቁራሽ ነው፣ ግን በላች። ከዚያ አንዱን ብልት በቅጠል ጠቅልላ ለአንሙት ሰጠችውና፣ የክርስትና ስሟን ጠርታ፣ “ለወለላ ነው፣ ወለተ ኢየሱስ ላከችልሽ በላት” አለችው። ደብዳቤ በወለላ በኩል መላክ ትችያለሽ።

ቆዳውን ለጥ ያለ ቦታ ስናጣ ቦረቦሩ ዳር ወጠርነው። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስሄድ በዚያ ወገን ያሉት ካስማዎች የሉም። የተተከሉበት አፈርም የለም። የቦራ ቆዳ ግማሹ ወደ ገደሉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ስቤ አወጣሁት። ራቅ አድርጌ እንደገና ወጠርኩት።

ደርቤ ከብቱን ይዞ ሲያልፍ ቆመ። ወደ ታች አየ።

“እዚህ ጋ ዋንዛ ነበረች” አለ።

“ነበረች።”

“የት ሄደች?”

ገደሉን በአገጬ አሳየሁት። አልሳቀም። ከብቱን በዚያው ዳር ነድቶት ሄደ።

ለሰኔ በሬ ካነሰኝ ከሱ ጋር እቀናጃለሁ፤ እሱም አንዱን ለልጁ ሰርግ አቁሞታል፣ አይጠምደውም።

ያ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀርባ የጻፍሽልኝ ሣር ስሙ ማን ነበር? ያን ጊዜ አላነበብኩትም። ከቦራ ነገር አላለፍኩም ነበር።

ገዳሙ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወንድሜ ገዳሙ፣

ደሾ ይባላል። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ለአንሙት ሰጥቼዋለሁ፤ ሥሩ እንዳይደርቅ ደጀን ላይ ወለላ ውኃ ትረጭበታለች። ከቦረቦሩ ጫፍ ትንሽ ገባ ብለህ፣ ዝናቡ እንደ ጠና፣ በአግድም ትከለው። ምንድን ነው ካሉህ የከብት መኖ ነው በላቸው። ውሸት አይደለም፣ ከብት ይበላዋል። ከዚያ በላይ ከጠየቀ የሚሰማህ ሰው ነውና ቁጭ ብለህ ሁሉንም ንገረው። ካልጠየቀ ዝም ብለህ ትከል።

ከብት እንዳይገባበት ግን እሾህ እጠርበት። የደርቤ ከብት ጭምር።

አሁንም ተናድጃለሁ። በማን እንደ ሆነ ስፈልግ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው እደርስና፣ ያ ሰው ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። አባ ወልደ ሰንበት ትክክል ናቸው። እማ ትክክል ናት። እኔም ትክክል ነበርኩ። ቦራ የለም።

የልጅቱ ክርስትና ሰኔ ሠላሳ ነው፤ እማም ትመጣለች፣ አንተም ብትችል ና። ሰማንያዋ የሚሞላበትን ቀን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። የሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ ይቀርባል።

ምን አጥፍታ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ዓይናዲስ